የጾም ምላስ፣ የፋሲካ ምላስ

ሥራህ ምን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ «መቅመስ» እላለሁ። ሰዎች ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ አንዱ አይቀርም፣ «ምነው እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔም በተገኘ!» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶኛልና ሳቁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ልነግረው እጀምራለሁ። ግን ማንም እስከ መጨረሻው አይሰማኝም፣ ታክሲ ይመጣበታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ባሰፍረው ይሻላል አልኩ። ትምህርቴ ፊደል ከመለየትና ዳዊት ከመድገም ብዙም አላለፈም፤ የጎደለውን አንባቢ ይሙላው።

የሠራሁበት የወይን ጠጅ ፋብሪካ መካኒሳ ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ስገባ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሁሉ እርሻ ነው። ላፍቶ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር፤ ለቡማ ሩቅ አገር ነው የሚመስለን። እኔ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ተከራይቼ እኖር ስለነበር ጠዋት ጠዋት በእግሬ እወርዳለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ ነው። ደመወዙ ለኪራይና ለምግብ ይበቃል፣ ከዚያ ለሚያልፍ ነገር አይበቃም፤ ስለዚህ እኔም አልፈዋለሁ።

የፋብሪካው ዋና ቀማሽ ባሻ ደግፌ ይባሉ ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ሰው ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። አሳላፊ ብርሌውን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ ቢኖርበት እሱ ይቅደም ነው ነገሩ። ባሻ ግን «መርዝ አንድም ቀን አላጋጠመኝም፤ የተበላሸ ጠጅ ነው ያስቸገረኝ» ይሉ ነበር። ምላሳቸው የተማረው እዚያ ነው።

አንድ ቀን ረዳት ፈልገው ወደ እኛ ወደ አጣቢዎቹ መጡ። ጣውላ ላይ ኩባያ ደረደሩና በየተራ ቅመሱ አሉን። በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ስኳር፣ በአንዱ ሎሚ ጠብ አድርገውበታል፤ በጣም ጥቂት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ኩባያ አንዱ ጨው አለው አለ፣ ሌላው የለም ሎሚ ነው አለ። በርሜል አጣቢው ቶሎሳ፣ የላፍቶ ልጅ፣ ቀልድ የማይለየው፣ «ባሻ፣ ይኼኛው የርስዎ ጣት አለበት» ብሎ አሳቀን። እኔ ተራዬ ሲደርስ ቀመስኩ፣ ደግሜ ቀመስኩ።

«ይኼ ውሃ ነው» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ባሻ ኩባያዎቹን ሰብስበው ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ነገ ሽንኩርት ሳትበላ ና» አሉኝ። ከጠርሙስ ማጠብ የወጣሁት እንዲህ ነው።

የቅምሻው ክፍል ትንሽ ናት፤ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ አንድ መስኮት ያላት። ንፋሱ ከቄራ በኩል የመጣ ዕለት መስኮቱ አይከፈትም። ባሻ ገብተው መጀመሪያ አፋቸውን ለብ ባለ ውሃ ይጉመጠመጣሉ። ቀጥሎ ደረቅ ዳቦ አኝከው ይተፋሉ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ አስቀምጠው ትንሽ ይቆያሉ፣ እንደገና ያሸታሉ። ከቡና በኋላ አይቀምሱም። ተናደው አይቀምሱም። ይኼን ሁለተኛውን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል፤ ኋላ በራሴ ላይ አየሁት፣ የተናደደ ሰው ሁሉ ነገር ይመረዋል።

በመጀመሪያው ጠዋት «አፍንጫህን ያዝና ጎንጭ» አሉኝ። በሁለት ጣቴ ጭምቅ አድርጌ ይዤ ጎነጨሁ። ይጣፍጣል፣ ይጎመዝዛል፣ በቃ። ወይኑ የት ሄደ?

«አሁን ልቀቅ።»

ለቀቅኩ። ዘቢቡ፣ የበርሜሉ እንጨት፣ የበሰለ ኮክ የመሰለ ነገር፣ ሁሉም ባንዴ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሳላስበው ሳቅሁ።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ምላስ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ ጨው። የቀረውን የሚነግርህ አፍንጫ ነው። ምላስ ግን ሁሉንም እኔ ነኝ ያወቅሁት ይላል።»

ቀስ በቀስ ጣዕም ተራ እንዳለው አስተማሩኝ። ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። ጎምዛዛው ጉንጭን ምራቅ ያስሞላል። መራራው ዘግይቶ ነው፤ ከተፋህ በኋላ፣ አለቀ ስትል፣ ከወደ ጉሮሮ ብቅ ይላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ጣዕም ያልሆነው ነው፤ ያልበሰለ ኮክ ስትነክስ ድድህን የሚጨመድደው፣ ምላስህን እንደ ሻካራ ጨርቅ የሚያደርገው። ጀማሪ ሁሉ መራራ ነው ይላል። ባሻ «እሱ አይመርም፣ ይይዛል እንጂ» ይሉ ነበር። ያ የመያዝ ነገር ሲበዛ ወይኑ ይሻክራል፣ ሲጠፋ ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል።

መትፋትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰጋቱራ የተሞላ ጣሳ እግራችን ሥር አለ። ባሻ ቆመው፣ ጢማቸውን ሳይነካ፣ በቀጭኑ ይልኩታል። እኔ ሸሚዜን ስንት ጊዜ እንዳበላሸሁ አትጠይቁኝ። በምሳ ሰዓት ከበርሜሎቹ ኋላ በውሃ ስለማመድ ቶሎሳ አየኝና፣ «ወይኑን ትተፋለህ፣ ደመወዝ ትቀበላለህ። እኔ በርሜል እያጠብኩ ውሃ እጠጣለሁ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አለኝ።

የሁላችን አለቃ ሙሴ ኒኮላ ነበር፤ ግሪክ ነው፣ የወይን ጥበብ በአገሩ ተምሮ የመጣ። ደግ ሰው ነው። ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው፤ አማርኛው እዚያ ድረስ ስለደረሰ ማንም አይቀየመውም። ሲጋራ ከአፉ አይለይም። «የእኔ ምላስ ጫማ ሆነ» ይል ነበር። «ባሻ፣ አንተ ቅመስ። እኔ እለካለሁ።» ከመጽሐፍ የገለበጠውን የምላስ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል። ምላሱ እንደ ርስት መሬት ተሸንሽኖ ጫፉ ለጣፋጭ፣ ጎንና ጎኑ ለጨውና ለጎምዛዛ፣ ኋላው ለመራራ ተሰጥቷል። እኔ ለረዥም ጊዜ አመንኩበት፤ መራራ ስጠብቅ ከኋላ ብቻ እጠብቅ ነበር። ዛሬ ዛሬ ሊቃውንቱም ሥዕሉን ትተውታል፣ ምላስ በሁሉም ቦታው ሁሉንም ይቀምሳል ይባላል። እንዲያ ከሆነ መልካም። ሥዕሉ ግን ቆንጆ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባሻ ጾም አጥባቂ ናቸው። በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም ነገር ወደ አፋቸው አይገባም። ቅምሻው ሥራ ስለሆነ የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው፣ ካልዋጡትና ሰዓቱን ካከበሩ ይሁን ተብለዋል። ስለዚህ በሁዳዴ ቅምሻው ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወራል። እኔም እጾም ስለነበር ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን፣ ቅቤና ሥጋ ካየን ሳምንታት ካለፉን በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንቀምሳለን። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ አንድም ነገር አልተበላሸም። ምክንያቱም የፋሲካው ጣፋጭ ወይን ከዘቢብ ነበር የሚጠመቀው፤ የስኳሩ ልክ ከድሮ የተወሰነ ነው፣ እኛ መበላሸት አለመበላሸቱን ብቻ ነው የምናየው።

አንድ ዓመት ግን ፋብሪካው ዘቢቡን ትቶ እሸት የወይን ፍሬ አስመጣ። የድሮው ልክ አልሠራም። ሙሴ ለክቶ ለክቶ ቢያስቸግረው፣ «ባሻ፣ በምላስ እንጨርሰው» አለ። እኔ ስኳሩን እያሟሟሁ ጥቂት ጥቂት እጨምራለሁ፣ ባሻ ይቀምሳሉ። ሦስተኛው ላይ ይሁን አራተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ። ከዚህ ካለፈ ሽሮፕ ይሆናል።»

እኔም ቀመስኩ። ልክ ነው። አፍ ሙሉ የሆነ፣ የሚያምር ወይን ነበር። በሕማማት ዋዜማ ታሽጎ ወጣ።

ፋሲካ አልፎ ሥራ በተከፈተ በማግሥቱ የጭነት መኪናው ሙሉ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ቡና ቤቶቹ ናቸው የመለሱት። ሾፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ኮምጣጤ ላካችሁብን እያሉ ነው። አንዱማ ሊደበድበኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንዴ የጠመቅሁት?» አለ። ከዋናው መሥሪያ ቤትም ሥራ አስኪያጁ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልጮኹም። ለሙሴ ብቻ፣ «ሽማግሌው ምላሳቸው ደክሟል። አክብረን እናሰናብታቸው» አሉት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ባሻም ውስጥ ሆነው ሰምተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ሲሄዱ ባሻ ከተመለሱት ጠርሙሶች አንዱን ከፈቱ። ተጉመጠመጡ፣ ዳቦ አኘኩ፣ ቀመሱ፣ ተፉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ብርጭቆውን ለእኔ ሰጡኝ። ጎምዛዛ ነው፤ ቀጭን፣ ድድ የሚይዝ። ማሸጊያው ደህና ነው፣ ሽታው ደህና ነው፣ አልተበላሸም። ያው ወይን ነው፤ ግን ያ ወይን አይደለም።

«ሰዎቹ እውነታቸውን ነው፣» አሉ ባሻ። «ሙሴ፣ የሚሉህን አድርግ።»

«ባሻ፣ ምን ትላለህ? አሥር ዓመት አብረን!»

«ምላሴ ዋሽቶኛል። የዋሸ ምላስ ይዤ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

በዚያ ሳምንት እሑድ ቤታቸው ምሳ ጠሩኝ። ስንብታቸው መስሎኝ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ዶሮ ሠርተው ነበር። ባሻ አንድ ሁለት ጎርሰው ገፋ አደረጉት።

«ምነው ባሻ?»

«ጨው የለውም።»

እትዬ በላይነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ ወርቁ? ጨው የለውም! በሁዳዴ ሽሮዬን ‹ጨው አበዛሽው፣ ልትገድይኝ ነው› ሲሉኝ ከረሙ። ዛሬ ደግሞ ዶሮው ጨው የለውም። እጄ ያው እጅ ነው፣ ቁንጥሬም ያው። እኔስ እጄን ልቀይር ወይስ ባል ልቀይር?»

እኔ ሳቅሁ። ባሻ አልሳቁም። ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ዘንድሮ ነው እንዲህ የምልሽ?»

«ምን ዘንድሮ፣ በየዓመቱ ነው እንጂ! ከተጋባን ጀምሮ።»

ባሻ እጃቸውን ታጥበው ውጭ ወጡ። ተከተልኳቸው። ቆመው የላፍቶን ሜዳ እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ባዶ ሆድ ጥቂቷን ብዙ ያደርጋታል። ጨውንም፣ ስኳርንም። በሁዳዴ ጥቂት ስኳር ጣፈጠችን። በፋሲካ ሰው ቅቤና በርበሬ በልቶ፣ ጠጅ ጠጥቶ፣ ያንኑ ወይን ሲቀምስ ጣፋጩ ይጠፋና ጎምዛዛው ብቻ ይቀራል። ምላሴ አልሞተም ማለት ነው። ጾመኛ ነበር እንጂ» አሉ።

ሰኞ ለሙሴ ነገርነው። ከወንበሩ ዘለለ። «በጣም ጥሩ! ነገ ምሳ አትብላ፣ ቅመስ፣ ለሥራ አስኪያጁ እናሳይ!»

«አይሆንም» አሉ ባሻ። «በሃምሳው ቀን ጾም የለም።»

«ጾም አይደለም፣ ሥራ ነው!»

«ለአንተ። የእኔ ሆድ አንድ ነው። ደግሞ ቅቤ በአንድ ቀን ከምላስ አይወርድም፤ ሳምንታት ይፈልጋል።»

እኔ፣ «እኔ ቅቤና ሥጋ ሳልበላ ልቆይልዎት» አልኩ። ቶሎሳም በር ላይ ሆኖ፣ «እኔም እራባለሁ ባሻ፣ ለምጄዋለሁ» አለ። ባሻ ቀና ብለው አዩን። «በትንሣኤ ሰው በእኔ ምክንያት ከሚራብ፣ ይኼን ነገር ባላውቀው ይሻለኛል» አሉ። በዚህ ላይ ማንም ሊያግባባቸው አልቻለም። የሰኔ ጾም እስኪገባ እንጠብቅ አሉ።

ሙሴ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ጊዜ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው ሰምተውት፣ «ሙሴ ኒኮላ፣ ወይኑ የሚጠጣው በጾም ነው ወይስ በፋሲካ?» ብለው ጠየቁት። ሙሴ ጥያቄውን እንዳለ ይዞልን ተመለሰ። ባሻ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ወንበሩ ለጊዜው ለእኔ ተሰጠኝ። ቁጭ ስል አልደላኝም፤ ለባሻ የማቆይላቸው መስሎኝ ነበር የተቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን የሥራ ዘመኔን ባጭሩ እለፈው። ሙሴ አገሩ ገባ፣ ፋብሪካው በመንግሥት ተወረሰ፣ አለቆች መጡ ሄዱ፤ አንዱ ወይን የማይጠጣ ነበር፣ ጥሩ አለቃ ነው የወጣው። መለኪያ መሣሪያው እየረቀቀ መጣ። የእኔም ምላስ አረጀ፤ ጣፋጩ ቀድሞ ደከመ፣ መራራው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የባሻን ነገር ግን ሳልጨርስ አልተውም።

የሰኔ ጾም ገባ። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው፣ እኔና ሙሴ ከተመለሰው ወይን አንድ ጠርሙስ ይዘን ባሻ ቤት ሄድን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ ገና አልቀረበም። ባሻ ተነሥተው ተጉመጠመጡ። ሙሴ ሲጋራውን ውጭ ጥሎ ገባ። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ በሩ ላይ ቆሙ።

ባሻ ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ወደ ደጅ ወጥተው ተፉና ተመለሱ።

«እሱ ነው፣» አሉ። «ያኔ በቃ ያልኩት ወይን።»

እኔም ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፣ ሙሉ ነው። ሙሴ ጭኑን መታ። «ነገ እሄዳለሁ! እናገራለሁ! ባሻ፣ ሰኞ ትመለሳለህ!»

«ቁጭ በል ሙሴ፣» አሉት። «ምላሴ ደህና መሆኑን ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ አወቅሁ። የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ግን ትክክል ነው። እኔ ለራሴ አፍ ነው የቀመስኩት። የሚጠጣውን ሰው አፍ አላሰብኩም። ከዚህ በኋላ የፋሲካውን ወይን በቅበላ ቅመሱት፤ ሥጋውን በልታችሁ፣ ቅቤው ከከንፈራችሁ ሳይደርቅ።»

«እሱን አንተ ሰኞ መጥተህ አድርገው!»

«ይኼስ?» አሉ እኔን እያመለከቱ። «ወደ ጠርሙስ ይመለስ?»

«እመለሳለሁ ባሻ፣» አልኩ። «ቅር አይለኝም።» እውነቴን ነበር።

«አትመለስም። አፍህን ለማስተማር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፣ አላባክነውም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ዓመቱን ግማሹን እጾማለሁ፤ ልቀምስ የሚገባኝ ሽሮ ነው።»

እትዬ በላይነሽ፣ «አይ የእኔ ዕጣ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ሙሴ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጠ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ ባሻን ጨበጣቸው። በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም እንደ ሆነው ነገራቸው። ለባሻ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ወንበሩ እኔ ዘንድ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ቅበላ ላይ ከሥጋው ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ቅምሻው ክፍል ገባሁ። ለዓመታት የተማርኩትን ሁሉ ጣስኩ፤ አፌን አልተጉመጠመጥኩም፣ ዳቦ አላኘክሁም። ባለፈው ዓመት «በቃ» በተባለበት ልክ ጀመርኩ፤ ጎምዛዛ ሆኖ አገኘሁት። ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። በቃ ያልኩበትን በሁዳዴ አጋማሽ በባዶ ሆዴ ብቀምሰው እንደ ማር ጉሮሮዬን ያዘኝ። ልቤ ፈራ፤ ግን አልነካሁትም። እንዳለ ታሸገ፣ ወጣ።

ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም። መኪናው ሙሉ እየሄደ ባዶውን ተመለሰ። እሑድ ባሻ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እህ፣ ወይኑን ምን አሉት?»

«ምንም አላሉም ባሻ። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ ስለ ወይኑ አንድ ቃል የተናገረ ሰው የለም አለኝ።»

ባሻ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉት።

«እንግዲያው ጥሩ ወይን ነው» አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።